ማሊያው ላይ የሚጻፈው ስም

ገዳሪፍ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለቴዎ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤ እንደ ድሮው ነው፤ ዓይኔም መነጽሩ ከመጣለት ወዲህ ትንሹን ብሎን ከትልቁ ይለያል። ሰላምታው ይኸው ነው፤ ዛሬ ከዚህ በላይ ሰላምታ የለኝም።

ባለፈው እሑድ ስትደውል መስመሩ የተቋረጠ መስሎህ ከሆነ፣ አልተቋረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። "አይሰማም፣ አይሰማም" ስልህ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር። "አባ፣ በስንብት ጨዋታዬ ቀን ማሊያዬ ላይ ያንተን ስም ነው የማስጽፈው፤ ስንሻው ተብሎ ይወጣል፤ ለጋዜጠኛውም እውነቱን እነግረዋለሁ" ስትል ሰማሁ። ስትስቅም ሰማሁ። ስልኩን ዘጋሁና ትራክተር በምጠግንበት ወርሻ ውስጥ ተጋድሞ የነበረውን ጎማ በመዶሻ እየደጋገምኩ መታሁት። ጎማው ምንም አልሆነም፤ እኔ ግን እጄን ለሁለት ቀን አመመኝ።

በስልክ ያልመለስኩልህ ስልክ ውስጥ የተነገረ ነገር አይጠፋም ሲሉ ስለሰማሁ ነው። ስለዚህ ተቀምጬ እጽፋለሁ። የጎረቤታችን የበለጠች ልጅ ሳምሪ፣ አንተ ስትሄድ ገና ጡት ያልጣለችው፣ ባሏ ግላስጎው ነው፤ ቪዛዋ ደርሶላት በፖርት ሱዳን በኩል ልትሄድ ነው። ከኔ እጅ ወደ እሷ እጅ፣ ከእሷ እጅ ወዳንተ እጅ። አንብበህ ቅደደው። አጥፈህ መጽሐፍ ውስጥ እንዳታስቀምጠው፤ አውቅሃለሁ፣ አስቀማጭ ነህ።

ከጋዜጣው ልጀምር። የላክኸውን የጋዜጣ ገጽ ሳምሪ ወንበር ስባ ተቀምጣ ወዳማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። "ስኮትላንዳዊው ተከላካይ ቴዎ አንዳርጋቸው ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ጫማውን ሊሰቅል ነው" ይላል። እሺ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ጨዋታ፣ አምስት ጎል፣ ሦስት ቀይ ካርድ፣ አንድ ጊዜ የእግር ስብራት፣ ስድስት ዓመት አምበልነት። እሺ፣ ይህን ሁሉ እኔም አውቀዋለሁ፤ አምስቱን ጎል ከነደቂቃው እነግርሃለሁ። በወጣትነትህ ትልቁ ክለብ በውሰት እያዞረ ሲያንከራትትህ፣ ኋላም ያ የባሕር ዳርቻው ትንሽ ክለብ ሲወስድህና እዚያው ተተክለህ ስትቀር፣ አንዱም አላመለጠኝም። ስኮትላንዳዊ ማለታቸውም አላስከፋኝም። አብልተው ያሳደጉህ እነሱ ናቸው፤ ይበሉ። ከዚያ ግን ሳምሪ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፤ "መከላከልን ያስተማረው አባቱ አቶ አንዳርጋቸው ነው፤ ሱዳን ውስጥ፣ በስደተኞች ካምፕ፣ በጨርቅ ኳስ።"

አንዳርጋቸው! አንዳርጋቸው እኮ ኳስ ሲመጣበት በሁለት እጁ ፊቱን የሚሸፍን ሰው ነው! እናትህ "ወንድሜ ነው፣ ከጨዋታ አታስቀሩብኝ" ብላ ለምናን በረኛ አደረግነው፤ ሰሊጥ ጭኖ ለሚያልፍ ሎሪ እጁን ሲያውለበልብ ሁለት ጎል ገባብን። ደግሞ የምን የጨርቅ ኳስ ነው? ከሀዋታ እርሻ ስመለስ በሎሪ ጀርባ ላይ እቅፍ አድርጌ ያመጣሁልህ የቆዳ ኳስ ነበር። ስፌቱ ሲፈታ በትራክተር መቀመጫ ክር እየሰፋሁ አራት ዓመት ተጫውተህበታል። ያን ኳስ በአንድ ጊዜ ጨርቅ አደረግኸው።

መሬቱንም ረስተኸው ይሆናል። ይህ ጥቁር አፈራችን በበጋ ሲሰነጠቅ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ ኳስ አንዴ ከነጠረ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ለዚህ ነው ኳሱን አትመነው ያልኩህ። የሰውየውን ወገብ እይ አልኩህ። እግር ያታልላል፣ ዓይን ያታልላል፣ ወገብ ግን ሊሄድ ወዳሰበበት ነው የሚዞረው። ከሜዳው ዳር ቆሜ "ወገብ! ወገብ!" እያልኩ ስጮህ እናትህ ወገቤን የታመምኩ መስሏት ቅባት ይዛ እየሮጠች መጣች። አሁንም በስልክ የሚላኩትን ቁርጥራጭ ጨዋታዎች ሳይ ዓይንህ የት እንዳለ አያለሁ። አጥቂው እንደ ፈለገ ይወዛወዛል፤ አንተ ወገቡን ታያለህ። ይህን ሁሉ ነው ለአንዳርጋቸው የሰጠኸው።

እኔው ነኝ ስጥ ያልኩህ። አውቃለሁ። ቢሆንም አናደደኝ።

ስሙ ራሱ ደግሞ በስህተት የመጣ ስም ነው። እዚያ አገር ማሊያ ላይ የሚጻፈው የቤተሰብ ስም የሚሉት ነው፤ እኛ ደግሞ እንዲህ የሚባል ነገር የለንም። ሰው የራሱ ስም አለው፣ ቀጥሎ የአባቱ፣ አለቀ። ያን ጊዜ ቅጽ የሚሞላው አስተርጓሚ "ስም?" አለው፤ አጎትህ "አንዳርጋቸው" አለ። "የአባት ስም?" ሲለው "ደሴ" አለ። "የቤተሰብ ስም?" ሲለው ደረቱን ነፍቶ እንደገና "አንዳርጋቸው!" የቤተሰቡ ኃላፊ ማነው ያሉት መስሎት ነው። እዚያ ሲደርስ አንዳርጋቸው አንዳርጋቸው ተብሎ ቀረ። ሚስቱም ውዴ አንዳርጋቸው፣ አንተም ቴዎ አንዳርጋቸው። እናትህ በዚህ ነገር እየሳቀች ትናደድ ነበር። "ደሴ ቢል ምናለበት! ቢያንስ የአባቴ ስም ልጄ ጀርባ ላይ ይወጣ ነበር" ትላለች።

የዚያ የዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጊዜ፣ አንተን በቴሌቪዥን ያየሁበት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ቀን፣ የባለ ሱቁ ልጅ ኸይረዲን ለሰፈሩ ኳስ በሚያሳይበት ናዲ ውስጥ ከፊት ወንበር አስቀመጠኝ። እዚህ አባት በልጁ ስም እንደሚጠራ ታውቃለህ፤ ለሰፈሩ ሁሉ እኔ አቡ ቴዎ ነኝ። ሰው ጢም ብሏል። ዐረቡ ጨዋታ አስተላላፊ "አንደርጋሹ! አንደርጋሹ!" እያለ ይጮሃል፤ አንተ ስትዞር ያ ስም ከትከሻ ትከሻህ ተዘርግቶ ይታያል። ከኋላዬ አንዱ ጎረምሳ "ያ አቡ ቴዎ፣ ደ ወለደክ ወላ ወለድ አንደርጋሹ?" አለ። ያንተ ልጅ ነው ወይስ የአንደርጋሹ ማለቱ ነው። ናዲው በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ኸይረዲን ብቻ አልሳቀም፤ ልጁን በዓይኑ ገላመጠውና ለኔ ሻይ አመጣልኝ። ሰፈሩ በሙሉ የማን ልጅ እንደሆንክ ያውቃል፤ ለውጭ ሰው የተናገረ ግን እስከ ዛሬ አንድም ሰው የለም። አንተ ነህ ልትናገር የምትነሳው።

አሁን ደግሞ ስትደውል ሁሌ ወደምትጠይቀኝ፣ እኔም ሁሌ ስለ ዝናብና ስለ ሰሊጥ እያወራሁ ወደማመልጥበት ነገር ልምጣ።

አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር። ከካምፑ ወደ ውጭ አገር የምንሄድበት የኛ ፋይል ሁለት ጊዜ ወድቋል። የአንዳርጋቸው አልፎለት እሱና ውዴ ሊሄዱ ነው፤ ልጅ የላቸውም። ካንተ በፊት የነበሩትን ሁለቱን ወባ ወስዶብናል፤ በዚያ ዓመት ክረምት አንተም በካላዛር ተይዘህ ሆድህ ተነፍቶ ከሞት አፋፍ ነው የተመለስከው። ሆስፒታሉ በር ላይ እናትህ ቀና ብላ አየችኝና "ይህ ልጅ እዚህ አገር አይቆይም፤ ወይ ይሄዳል ወይ ይሞታል" አለችኝ። ከወንድሟ ጋር ተነጋግራ የጨረሰችው እሷ ናት። እኔ ለሦስት ቀን እህል አልበላሁም፤ ከዚያ እሺ አልኩ።

ለሁለት ሳምንት አለማመድንህ። አንዳርጋቸውን "አባ" በለው፣ ውዴን "እማ" በላት፣ እናትህን "አክስቴ"፣ እኔን "ጋሼ"። እናትህ ምስር እየለቀመች "እማ፣ ራበኝ" ስትላት "ማናት እማ? እማ ውዴ ናት!" ብላ ትጮህብሃለች፤ ከዚያ ምስሩን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ትሄዳለች። እኔም አንዴ "አባ" ብትለኝ በጥፊ መታሁህ። ያችን ጥፊ ታስታውሳታለህ ወይ ብዬ ጠይቄህ አላውቅም።

ቀኑ ደረሰ። እኔን የጠሩኝ ለምስክርነት ነው። አንዲት ሐዋጃ፣ ነጭ ሴትዮ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች፣ አስተርጓሚው አጠገቧ። "ይህ ልጅ ምንህ ነው?" አለኝ። "የሚስቴ ወንድም ልጅ ነው" አልኩ። "ያንተ አይደለም?" "የኔ አይደለም።" ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገችና ደግሞ አስጠየቀችኝ። ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፣ ሦስት ጊዜ አይደለም አልኩ። የጎደለው የዶሮ ጩኸት ብቻ ነበር። ከዚያ አንተን ጠሩህ፤ "ይህ ሰውዬ ማነው?" ሲሉህ ዓይንህን ሳትሰብር "የአክስቴ ባል ነው" አልክ። ያን ቀን ነው ተከላካይ እንደሚወጣህ ያወቅሁት።

ፈርሜ ወጣሁ። ግቢው መሃል ስደርስ ከኋላዬ ድምፅህ መጣ። "አባ!" አልከኝ። ጉዳዩ አልቆ ወደ ቤት አብረን የምንሄድ መስሎህ ነው መሰለኝ፤ ረሳኸው። ሴትዮዋ መስኮቱ ጋ ቆማ ታያለች። አንዳርጋቸው፣ ያ ኳስ የሚፈራው ሰውዬ፣ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፤ "አቤት ልጄ!" ብሎ በክንድህ ሳበህ። እኔ አልዞርኩም። እስከ በሩ ሄድኩ፣ ከበሩ ወጥቼ ሄድኩ፣ የኸይረዲን አባት ሱቅ ጋ እስክደርስ ሄድኩ፤ እዚያ ውሃ ለምኜ ጠጣሁ።

"ጋሼ፣ ያን ቀን ለምን አልዞርክም?" ትለኛለህ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ይህንኑ። እንካ መልሱን። ብዞር ኖሮ ሴትዮዋ ፊቴን ታየው ነበር። ፊቴን ካየች ደግሞ አስተርጓሚም ወረቀትም አያስፈልጋትም፣ የማን ልጅ እንደሆንክ ታውቅ ነበር። ይኸው ነው። ሌላ የተደበቀ ነገር የለበትም። ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ።

በእናትህ ነገር እንደተቃጠልክ አውቃለሁ፤ ይህ ሁሉ ጉድ የመጣው ከዚያ ነው። በሞተች ጊዜ ክለቡን "አክስቴ ሞተች" ብለህ ስትጠይቅ ለአክስት የሚሰጠው አንድ ቀን ነው አሉህ። አንተም ቅዳሜ ክንድህ ላይ ጥቁር አስረህ ተሰለፍክ። ጋዜጣው "ለአክስቱ" ብሎ ጻፈ። በሃያኛው ደቂቃ ያን ምስኪን አጥቂ ከኳሱ ጋር አብረህ ጠርገህ ከሜዳ ወጣህ። ከሦስቱ ቀይ ካርድህ አንዱ የእናትህ ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የምቆጥረው።

አንድ ነገር ልንገርህና ትናደድ። ስትደውልላት "አክስቴ እንዴት ነሽ" ስትላት፣ ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ትስቃለች። "እዚያ አገር ማን አማርኛ ይሰማብኛል ብሎ ነው? አንድ ቀን እንኳ ረስቶ እማ ቢለኝ ምን ነበረበት!" ትላለች። እኔን በዚያ ግቢ አንዴ ረስተህ ጠርተኸኛል። እሷን አንዴም አልረሳህባትም። ጎበዝ ስላደረግንህ ነው፤ ጥፋቱ የኛ ነው።

ግን እንግዲህ ምን ይሁን? አሁን ለጋዜጠኛ ብትነግረው ማን ነው የሚጎዳው? ጠበቃህ "ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ አንተን ምንም አያደርጉህም" ብሎሃል። አንተን! ስለ ውዴስ ጠየቅኸው? በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ተኝታ ደሟ የሚጣራላት ሴት ናት። ወደዚህ ቢመልሷት፣ ያን ማሽን ከነወረፋው እዚህ አምጣልኝና ልየው፤ እዚህ መብራት በቀን ሁለት ሰዓት ከመጣ ተመስገን ነው። አንዳርጋቸውስ? መሐላው ላይ የፈረመው እሱ ነው፤ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ፖሊስ በሩን ቢያንኳኳ እንደ ኳሱ ፊቱን በእጁ ከመሸፈን ሌላ የሚያውቀው መከላከያ የለም። "ምናልባት አይደርስባቸውም" ብትለኝ፣ በምናልባት ሰው ላይ አይፈረድም እልሃለሁ።

አንዳርጋቸውን ስሰድብ አይተህ አትሳሳት። እኔ ልሰድበው እችላለሁ፣ አንተ ግን አትችልም። ሌሊት አውቶቡስ ሲነዳ አድሮ፣ ጠዋት ሳይተኛ በዚያ በረዷማ ዝናብ ልምምድ ያደረሰህ እሱ ነው። እግርህ የተሰበረ ጊዜ ሆስፒታል ወለል ላይ ካፖርቱን አንጥፎ የተኛው እሱ ነው። "አቤት ልጄ" ያለ ቀን የገባውን ቃል አልበላም። ማሊያህን ከፍሬም ጋር ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል ብለኸኛል፤ እሱን አውልቀህ ልታዋርደው ነው?

"እውነቱ ከወጣ አንተን ወደዚህ አመጣሃለሁ" ትላለህ። እኔን ማን ጠየቀኝ? አዎ፣ ጦርነት አለ። ከመዳኒና ከሲንጃ የተፈናቀለው ሰው ትምህርት ቤቱን ሞልቶታል፤ ወርሻዬ ውስጥም አንድ ቤተሰብ ከትራክተሮቹ መሃል ያድራል፤ ባልየው አናጢ ነው፣ ጥሩ ሰው። መሄድ ብፈልግ ገላባት ቅርብ ነው፤ ተሻግሬ መተማ እገባለሁ፤ እዚያም የሚጠብቀኝ ተኩስ ነው። እናትህን እዚህ ነው የቀበርኳት። እኔ የትም አልሄድም፤ እኔን ሰበብ እንዳታደርግ።

አንተ ተከላካይ ነህ። ቡድኑ አንድ ለባዶ እየመራ በመጨረሻው ደቂቃ፣ ጎል አማረኝ ብሎ መስመሩን ጥሎ ወደፊት የሚሮጥ ተከላካይ ብታይ ምን ትለዋለህ? አምበል ሆነህ ስንቱን በዚህ ነገር እንደሰደብክ የጨዋታዎቹ ቁርጥራጭ ላይ አይቼሃለሁ፤ አፍህ ሲንቀሳቀስ ምን እንደምትል ሳልሰማም ይገባኛል። እኛ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ለባዶ እየመራን ነው። አንተ፣ እኔ፣ አንዳርጋቸው፣ ውዴ፣ እናትህም እስክትሞት፤ አንዳችንም ከቦታችን አልተነቃነቅንም። አሁን ፊሽካው ሊነፋ ሲል ልብህ ፈንድቶ ትሮጣለህ። ቆመህ ጠብቅ!

ስለዚህ ስንሻው ብለህ አታስጽፍም። ለጋዜጠኛውም አንድ ቃል አትተነፍስም። ይህን እንደ ምክር አትውሰደው፤ ትእዛዝ ነው።

እዚህ ላይ ትናንት ደብዳቤውን ጨርሼ አጥፌው ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ወደ እናትህ መቃብር ሄድኩ፤ ነፋስ ያዘመመውን መስቀል ላቃና ነው። ምልክቱን እኔው ነኝ የሠራሁላት፤ ከአሮጌ የማረሻ ዲስክ ቆርጬ፣ ስሟን በብየዳ ጽፌ። ፎቶውን ልኬልሃለሁ። "ዙፋን ደሴ" ይላል። አቧራውን በእጅጌዬ እየጠረግሁ ሳለ ጣቴ "ደሴ" የሚለው ላይ ቆመ። በራሴ በጣም ነው የተናደድኩት። ስንት ዓመት እየመጣሁ ስጠርገው፣ እሷም በሕይወት ሳለች ስትጮህብኝ፣ አልገባኝም ነበር።

ቴዎ፣ ደሴ ብለህ አስጽፍ።

አስበው። በውሸቱ መዝገብ የአንዳርጋቸው አባት ደሴ ነው፤ ስለዚህ አያትህ ነው። በእውነቱም የእናትህ አባት ደሴ ነው፤ አያትህ ነው። አንዳርጋቸው ራሱ "የአባት ስም" ባሉት ቦታ ላይ አስጽፎታል፤ እዚያው ፋይሉ ውስጥ አለ። ማንም መጥቶ "ይህ ማነው?" ቢልህ "አያቴ ነው፤ በስሙ ልሰናበት ፈልጌ ነው" ትለዋለህ። አትዋሽም። በሁለቱም በኩል እውነት የሆነ ያለን ስም እሱ ብቻ ነው። አንዳርጋቸውም የገዛ አባቱ ስም ስለሆነ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም፤ ምናልባት ያለቅሳል፣ አልቃሻ ነው። ማሊያው ላይም ሰፊ ቦታ አይፈልግም፣ አጭር ነው። እናትህ እንዳለችው ይሆንላታል። ያን ቀን ሜዳው ውስጥ የሷን ስም ተሸክመህ ትሮጣለህ፤ ስታለቅስም በሷ ስም ታለቅሳለህ፣ ማንም ለምን አይልህም።

ለኔ እንዳታዝን። ስንሻው የሚባለውን ስም እዚህ የሚጠራው ሰው የለም፤ እኔም አንዳንዴ ሰው ቢጠራኝ ሌላ ሰው ይመስለኛል። ወርሻው በር ላይ በዐረብኛ የተጻፈው "አቡ ቴዎ" ነው። የፍተሻ ኬላው ወታደርም አቡ ቴዎ ነው የሚለኝ። አንተ የኔን ስም ለአንድ ቀን ለመልበስ ነው ይህን ሁሉ ግርግር ያስነሳኸው፤ እኔ ያንተን ሠላሳ ሦስት ዓመት ለብሼዋለሁ፣ አንድም ቀን አላወለቅሁትም። ያች እዚያ ወረቀት ላይ የፈረምኳት "አይደለም"ም ልታስወልቀኝ አልቻለችም።

ጨዋታው ግንቦት 10 ነው ብለኸኛል። ቴሌቪዥን እንደማያሳየው አውቃለሁ። ኸይረዲን የናዲውን ጄኔሬተር አስነስቶ በልጁ ስልክ በኢንተርኔት ሊያሳየኝ ቃል ገብቷል፤ መስመሩ ከተገኘ። ካልተገኘም ውጤቱን ሰው ይነግረኛል። እባክህ በመጨረሻው ቀን ጎል ላግባ ብለህ ቦታህን እንዳትለቅ። ወገብ፣ ወገብ።

መድኃኔዓለም ጉልበትህን ከነብርታቱ ለሽምግልናህ ያቆይልህ። የተሰበረው እግርህ በዚያ ብርድ አይጠዝጥዝህ። ውዴን ጉልበቷን ሳምልኝ። አንዳርጋቸውን ስለ ጋዜጣው እንደተቆጣሁ ንገረው፤ ስለ ሌላው ሁሉ ግን አመስግኖሃል በለው፣ እኔ በስልክ ልለው ስሞክር አፌ አልታዘዝ ብሎኛል።

አንድ ነገር ብቻ ሳልነግርህ ልዘጋው አልችልም። እሑድ ስልኩን የዘጋሁት በማሊያው ነገር ነው ብዬ ነው እስካሁን የጻፍኩት። አይደለም። ከዚያ ግቢ ወዲህ ጋሼ ስትለኝ ነው የኖርከው፤ እሑድ አፍህን ስትከፍት መጀመሪያ ያልከው "አባ" ነው። የማሊያው ነገር የመጣው በኋላ ነው። እኔ ግን እዚያ ቃል ላይ ቆሜ ቀርቼ ነበር፤ ምን እንደሚመለስ ጠፋኝ፤ "አይሰማም" ብዬ ዘጋሁ። ሁለተኛ ጊዜ ጠርተኸኝ ሁለተኛ ጊዜ ሳልዞር ቀረሁ። የተናደድኩት በጎማው አይደለም፣ ባንተም አይደለም።

ሰምቻለሁ። ያን ቀንም ሰምቼ ነበር።

አቤት፣ ልጄ።

አቡ ቴዎ